ደረሰኙ ሌላ ጉዳይ አይደለም

የአንባቢ ደብዳቤ

«ዕድሜዬ 29 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ፤ የወንጌል አማኝ ነኝ። በክፍሉ አራት ስንሆን ሁለቱ ኦርቶዶክሳውያን፣ አንዱ ሙስሊም ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አጠገቤ የተቀመጡት፣ ሥራውንም ያስለመዱኝ ወይዘሮ ከሁለት ወር በፊት እናታቸው አረፉባቸው። ለቅሶው በቤተ ክርስቲያናችን ከወንጌል ስርጭት ወር ጋር ገጠመ፤ እያንዳንዳችን ቢያንስ ለአንድ ሰው መስክረን ለቡድን መሪያችን እንድናሳውቅ ተነግሮን ነበር። ድንኳኑ ውስጥ አጠገባቸው ተቀምጬ ‹እናትዎ ጌታን ተቀብለው ነበር?› ብዬ ጠየቅኋቸው። መልስ አልሰጡኝም፤ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሰላምታ በቀር ቃል አይወጣቸውም። ሙስሊሙ ባልደረባችን ደግሞ ‹እናንተ የማትጾሙት ለምንድን ነው?› ብሎ ሲጠይቀኝ ደንግጬ ወሬ ቀየርኩ። መናገር በሚገባኝ ቦታ ዝም እላለሁ፣ ዝም ማለት በሚገባኝ ቦታ እናገራለሁ። በእምነቴ ሳላፍር፣ ሰውንም ሳላስቀይም መኖር የምችለው እንዴት ነው? ሌላ ጉዳይ ቢሆንም፣ ሥራ አስኪያጃችን ወጪ ለማብዛት የሚያመጧቸውን የተገዙ ደረሰኞች መመዝገቤም ሰላም ነሥቶኛል፤ እርሱን ግን ለሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።»

መልስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ባነበብኩት ቁጥርም ዓይኔ የሚያርፈው «ለሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ» ባልሽበት በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ላይ ነበር። ወደዚያ እመለሳለሁ። አስቀድሞ ግን የቆሰለ ሰው አለና ከእርሳቸው ልጀምር።

ለቅሶ የሚደረሰው ለመናገር አይደለም። ባህላችን ይህን በሚገባ ያውቃል፤ ለቅሶ ደራሽ ይገባል፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላል፣ ባገኘው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ ጥቂት ቆይቶም ብዙ ሳይናገር ተነሥቶ ይወጣል፤ ኀዘንተኛውም «መጥቶልኝ ነበር» ብሎ ዕድሜ ልኩን ይይዝለታል። የኢዮብ ሦስት ወዳጆችም ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ በተቀመጡ ጊዜ መልካም አድርገው ነበር፤ ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን ከፍተው የመከራውን ምክንያት ያስረዱት ጊዜ ነው። ያንቺም ቃል በመልኩ ጥያቄ ቢሆንም፣ በኀዘንተኛ ጆሮ የገባው ፍርድ ሆኖ ነው። እናታቸው በእግዚአብሔር ዘንድ ምሕረት ስለማግኘታቸው ትጠራጠሪ እንደነበር፣ ጥርጣሬሽንም ሬሳው ከወጣ ገና ቀናት ሳይቆጠሩ እንደነገርሻቸው አድርገው ነው የሰሙት። ወይዘሮዋ የክርስቶስን ስም ካንቺ የሚሰሙ አይደሉም፤ በስሙ ተጠምቀው፣ እየጾሙና እየጸለዩ የኖሩ ሰው ናቸው። በእናንተ መካከል ያለው የእምነት ልዩነት ቀላል ነው አልልሽም፤ እኔም በወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ሳገለግል የኖርኩ ሰው ነኝና የማምነውን አልሸሽግም። ነገር ግን የሰው እናት አስከሬን በተሸኘ ማግሥት ልዩነታችንን የምናነሣበት ምንም ምክንያት የለም።

ስለዚህ ይቅርታ ጠይቂያቸው። ሌሎቹ ባሉበት፣ ቡና ሲጠጣ አይሁን፤ በስልክ መልእክትም አይሁን። ምሳ ሰዓት ላይ ክፍሉ ሲቀልል ጠብቂና ቀርበሽ፣ «እትዬ፣ በእናትዎ ለቅሶ ላይ የተናገርኩት ቃል ልክ አልነበረም፤ በኀዘንዎ ላይ ኀዘን ጨመርኩብዎ፤ ይቅር ይበሉኝ» በያቸው። እዚያ ላይ አቁሚ። «ግን ለእርስዎ አስቤ ነው» የሚለው ቃል ወደ አፍሽ መምጣቱ አይቀርም፤ ዋጪው። ያ «ግን» የሰጠሽውን ይቅርታ መልሶ ይወስደዋል። እርሳቸው ወዲያው «ተይው፣ አለፈ» ላይሉሽ ይችላሉ፤ ዝም ብለው ወደ ሥራቸው ቢመለሱም አንቺ የሚገባሽን አድርገሻልና መልሱን አትጠብቂ፣ ደግመሽም አትለምኚ። ክርስቲያን ይቅርታ የሚሻ ኃጢአተኛ ነው ብለን የምንሰብከውን ነገር በዓይናቸው የሚያዩት ምናልባት በዚያች ደቂቃ ይሆናል።

ይህን የምጽፍልሽ በራሴ ከደረሰው ተነሥቼ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ ጌታን ባወቅሁበት በመጀመሪያው ዓመት፣ ለፋሲካ ወደ ቤተሰቦቼ ሄድኩ። አባቴ የስቅለት ዕለት ሲሰግዱ ውለው፣ ጉልበታቸው እየተብረከረከ ወደ ቤት በገቡበት ምሽት፣ ሰው በሥራው እንደማይድን ጥቅስ በጥቅስ ላይ እየደረብኩ አስረዳኋቸው። አባቴ እስክጨርስ ሰሙኝ፤ ከዚያም ጋቢያቸውን አንሥተው ከብቶቹን ለማየት ወጡ። ለአራት ዓመት ስለ እምነት አንድ ቃል አልተነጋገርንም። በአራተኛው ዓመት በአጨዳ ወራት ታመሙና ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ፤ ጤፉን ከጎረቤት ጋር አጭጄ፣ ወቅቼ ጎተራ አስገባሁ። አንድ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ፣ ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ፣ «ያን የምታነበውን እስቲ ለእኔም አንብብልኝ» አሉኝ። የዮሐንስን ወንጌል ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ምንም አላብራራሁም፤ አነበብኩ ብቻ። አባቴ እስኪያርፉ ድረስ ከደብራቸው አልተለዩም፣ እኔም ከቤተ ክርስቲያኔ አልተለየሁም፤ ነገር ግን ቤት በሄድኩ ቁጥር ለዚያ የማታ ንባብ የሚጠሩኝ እርሳቸው ነበሩ። ያን ማታ ለማን፣ በምን ቁጥር ማሳወቅ እችል ነበር?

የቡድን መሪሽንም ያጋጠመሽን በግልጽ ንገሪው። ወንጌልን መናገር የጌታ ትእዛዝ ነው፤ ይህን ማንም አይሽርም። ነገር ግን ወር ሳያልቅ አንድ ሰው ማስመዝገብ ያለበት አማኝ ጎረቤቱን ሲያይ የሚያየው ያን የጎደለ ቁጥር ይሆናል፤ አንቺም ድንኳኑ ውስጥ ያንን እንዳየሽ ራስሽ ጽፈሽልኛል። ከወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት አንዷ የሆነችው የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ዓ.ም. በደርግ በተዘጋች ጊዜ ሕንፃዎቿ ተወረሱ፣ መሪዎቿ ታሰሩ፤ አባላቷ ያኔ 5,000 ገደማ ነበሩ። የአደባባይ ስብከትም ሆነ ድምፅ ማጉያ ከዚያ ወዲያ አልነበረም። ምእመናኑ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆነው እየተሰበሰቡ ጸለዩ፣ ቃሉን ተማሩ፤ ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። ያልታመነ ሰው ወደ እንደዚያ ያለ ቤት ማስገባት እስር ሊያስከትል በሚችልበት ዘመን፣ ጠሪውም ተጠሪውም አስቀድመው መተማመን ነበረባቸው። ጎረቤት ጎረቤቱን ለዓመታት ሲያጠናው ኖሯል፤ የሚጠራውንም ሰው ኑሮ አይቶ ነው የሄደው።

እንግዲህ ወደ ደረሰኙ ልመለስ። «ሌላ ጉዳይ» ብለሽዋል፤ ለእኔ ግን የደብዳቤሽ ዋናው ጉዳይ እርሱ ነው። ሥራውን ያስለመዱሽ ወይዘሮዋ ናቸውና፣ የትኛው ደረሰኝ ዕቃ የተገዛበት፣ የትኛው ደግሞ ራሱ የተገዛ እንደሆነ ካንቺ ቀድመው ያውቃሉ። ወረቀቱ ሲመጣ ያያሉ፣ አንቺ ስትመዘግቢውም ያያሉ። ስለ እናታቸው ነፍስ የጠየቀቻቸው ልጅ፣ ወር በገባ ቁጥር ያልተፈጸመን ግዢ እንደተፈጸመ አድርጋ የምትጽፍ ልጅ ናት። ይህን የምልሽ ላሳፍርሽ ብዬ አይደለም፤ እፍረቱን ቀድሞ ራስሽ ተሰምቶሻል፣ ሰላም ያጣሽውም ስለዚህ ነው። ሙስሊሙ ባልደረባሽ ሲጠይቅሽ የደነገጥሽውም የምትመልሺው አጥተሽ አይመስለኝም። የሚሸፍነው ነገር ያለው ሰው ስለ እምነቱ ሲጠየቅ፣ ንግግሩ ወደ ተሸፈነው እንዳያመራ ይፈራል። በአፍሽ ላይ ያለው ፍርሃት ከእጅሽ የመጣ ይመስለኛል።

ቃሉን ራሱን ልብ በይው፦ ደረሰኝ። አንድ ሰው «ገንዘቡ በእርግጥ ደርሶኛል» ብሎ በፊርማው የሚሰጠው ምስክርነት ነው። ሐሰተኛ ደረሰኝ እንግዲህ ያልደረሰውን «ደረሰኝ» ያለ ሰው የሐሰት ምስክርነት ነው፤ መዝጋቢዋም ያንን ምስክርነት ተቀብላ ለመንግሥት ታስተላልፋለች። የእምነት ምስክርነት የምንለውስ ከዚህ ምን ይለያል? ምሕረት ደረሰኝ፣ ጸጋ ደረሰኝ ማለት አይደለምን? ጠረጴዛሽ ላይ ባለው ደረሰኝ የማትታመኚ ከሆነ፣ ስለ ሰማዩ ስትናገሪ ባልደረቦችሽ ለምን ይመኑሽ?

የአገራችንን የክርስትና ታሪክ ስናነሣ ብዙ ጊዜ የምንዘነጋው አንድ ነገር አለ። ኋላ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተባለው ፍሬምናጦስ ወደ አክሱም የመጣው ሰባኪ ሆኖ አይደለም። የተሳፈረባት መርከብ ተጠቅታ ሰዎቿ ሲገደሉ፣ ከወንድሙ ከኤዴስዮስ ጋር በልጅነቱ የተማረከ ነው። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ ከኤዴስዮስ ከራሱ ሰማሁ ብሎ እንደጻፈው፣ ንጉሡ ኤዴስዮስን ጠጅ አሳላፊ ሲያደርገው፣ ፍሬምናጦስን ግን የሒሳቡና የደብዳቤዎቹ ኃላፊ አደረገው። እንዳንቺ የሒሳብ ሰው ነበር ማለት ነው። ንጉሡ ሲሞት ሕፃን ልጅ የያዘችው ንግሥት፣ ወደ አገራቸው ለመመለስ ነጻ የነበሩትን እነዚህን ሁለት ሰዎች፣ ልጇ እስኪያድግ መንግሥቱን አብረዋት እንዲጠብቁ ለመነቻቸው፤ ከእነርሱ ይልቅ የምታምነው ሰው አልነበራትምና። ፍሬምናጦስ በዚያ ኃላፊነት ላይ ሳለ ነው ከሮም ነጋዴዎች መካከል ክርስቲያኖችን እየፈለገ የሚጸልዩበት ስፍራ እንዲያበጁ የረዳቸው፤ እስክንድርያ ወርዶ ከአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና የተቀበለው ከዚያ በኋላ ነው። በንጉሥ ኢዛና ዘመን በአክሱም ሳንቲም ላይ የነበረው የጨረቃ ምልክት በመስቀል ተተካ። ይህን ሁሉ ያስቻለውን የእግዚአብሔርን ሥራ ለሰው ጠባይ ብቻ አልሰጥም፤ ነገር ግን ፍሬምናጦስ የንጉሡን መዝገብ ያጭበረብር የነበረ ቢሆን ኖሮ ንግሥቲቱ አትለምነውም ነበር።

ታዲያ ምን ታደርጊ? ሥራ አስኪያጁን በሰው ፊት አትጋፈጫቸው፤ ለብቻቸው አነጋግሪያቸው፣ ስለ ራስሽም ብቻ ተናገሪ። «እስከ ዛሬ መዝግቤአለሁ፤ ጥፋቱ የእኔም ነው። ከእንግዲህ ግዢ የሌለበትን ደረሰኝ መመዝገብ አልችልም፤ ሌላውን ሥራ ሁሉ እንደ ወትሮው በትጋት እሠራለሁ» ማለት ይበቃል። ጥቅስ አትጥቀሺላቸው፤ ምክንያቱን ከጠየቁሽ ግን እውነተኛውን ምክንያት አትደብቂ፤ ክርስቲያን እንደሆንሽና ይህን እያደረግሽ መጸለይ እንዳቃተሽ ንገሪያቸው። ቀረጥ ሰብሳቢዎች ሊጠመቁ መጥተው «ምን እናድርግ?» ብለው በጠየቁት ጊዜ፣ መጥምቁ ዮሐንስ ሥራችሁን ተዉ፣ ወደ ምድረ በዳ ኑ አላላቸውም፤ ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ አላቸው። ንስሓቸው እዚያው የሥራ ጠረጴዛቸው ላይ የሚታይ እንዲሆን ነው።

ዋጋ ሊያስከፍልሽ እንደሚችል አልሸሽግሽም። ሥራሽን ልታጪ ትችያለሽ፤ የቤት ኪራይ አለብሽ፣ ምናልባትም የምትረጂው ቤተሰብ አለ። ስለዚህ ከመነጋገርሽ በፊት ያለሽን ገንዘብ ቁጠሪ፣ ሌላ ሥራ መፈለግም ጀምሪ፤ ይህ እምነት ማነስ አይደለም። በሐሰተኛ ደረሰኝ መጠቀም በታክስ ሕጋችን እስራት የሚያስከትል ወንጀል ስለሆነ፣ እስካሁን ስለመዘገብሻቸው የሕግ ባለሙያ ሳታማክሪ አትቆዪ፤ ተጠያቂነቱ ባዘዘው ሰው ላይ ብቻ የሚቀር እንዳይመስልሽ። ለቡድን መሪሽም ይህንን ነገር ንገሪውና አብረውሽ ይጸልዩ፤ ሥራ ፈትተሽ ብትቀሪ ለሁለት ወር ኪራይሽን የሚሸፍን ወንድም ወይም እህት በመካከላቸው አይጠፋም ብዬ አምናለሁ። ያ ቡድን ከተሰበሰበበት ዓላማ አንዱ ይህ ሊሆን ይገባል።

ያደረግሽውን ግን ለወይዘሮዋም ሆነ ለሌሎቹ አታውሪላቸው። እምቢ ማለትሽን የምትተርኪው ከሆነ ያው ድንኳን ውስጥ የሠራሽውን በሌላ መልክ መድገምሽ ነው። ካወቁ በራሳቸው ይወቁ።

ስለ ሙስሊሙ ባልደረባሽ ብዙ አልልም፤ ከሁሉ የቀለለው የእርሱ ነው፤ ጠይቆሻልና። ጴጥሮስ በእኛ ስላለው ተስፋ ምክንያትን ለሚጠይቁን ሁሉ መልስ ለመስጠት የተዘጋጀን እንድንሆን ሲያዝ፣ «በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን» የሚለውን አልተወውም። ወደ እርሱ ሄደሽ፣ «ያን ቀን ስትጠይቀኝ ወሬ ቀየርኩብህ፤ አሁን ልመልስልህ» በይው። በቤተ ክርስቲያናችሁ ለሁሉም የተወሰነ የጾም ወራት አለመኖሩን፣ ነገር ግን አማኞች ለብቻቸውም ሆነ ከጉባኤው ጋር እንደሚጾሙ አስረጂው። አንቺ ራስሽ እምብዛም የማትጾሚ ከሆነም እንደዚያው ንገሪው፤ የሌለሽን ጾም አትጹሚለት። ከዚያም ረመዳን ለእርሱ ምን እንደሆነ ጠይቂው፤ እስኪጨርስም አድምጪው። ፊልጶስ የንግሥት ህንደኬን የገንዘብ አዛዥ በጋዛ መንገድ ላይ ባገኘው ጊዜ፣ አስቀድሞ ሰውየው የሚያነበውን ሰማ፤ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው፤ ሰረገላው ላይ የወጣውም ሰውየው ውጣና ከእኔ ጋር ተቀመጥ ብሎ ስለለመነው ነው፤ ንግግሩንም የጀመረው ያ ሰው እያነበበ ከነበረው ከዚያው ክፍል ነው። ባልደረባሽ የጠየቀሽ ስለ ጾም ነው፤ የተጠየቅሽውን መልሺ። ሌላ ቀን ሌላ ነገር ይጠይቅሽ ይሆናል።

አንድ ነገር ቀረኝ። እናታቸው ካረፉ ሁለት ወር ከሆነ የሰማንያው ቀን ቀርቧል። ወይዘሮዋ ተዝካሩን በአርባው ካላወጡ በዚያ ቀን ያወጡ ይሆናል፤ አውጥተውም ከሆነ መንፈቁና ሙት ዓመቱ ገና አሉ። ስለ ሙታን የሚደረገው ጸሎት ከእምነትሽ ጋር እንደማይሄድ አውቃለሁ፤ የማታምኚበትን ጸሎት «አሜን» በይ አልልሽም፣ ፍትሐቱ ሲደረግም ውጭ መቆየት ትችያለሽ። ነገር ግን ቤታቸው ሂጂ። ቀኑን ከእርሳቸው ሳይሆን ከሌላዋ ባልደረባችሁ ጠይቂና፣ በዋዜማው ከሥራ ስትወጪ በቀጥታ ወደዚያው እለፊ፤ ጓዳ ገብተሽ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጪ። ቢላዋ ይዘሽ ብትሄጂ ጥሩ ነው፤ የሚላጠው ሽንኩርት ብዙ ነው።